ዘጠኝ ነፍስ አይበቃም

ናዳው የወረደው ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። የእርዳታ ድርጅታችን ምርኩዝ የደወለልኝ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ። በዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ እኔም አልወቅስም።

«ወይዘሮ ባምላክ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለኝ ወዳጅ። «ከላይኛው ሰፈር አንድ ቤት አይሰማንም። የእህትዎ የወይዘሮ ኤልዳና ቤት መሆኑን ያረጋግጡልኛል?»

ወዳጅ የምርኩዝ ድምፅ ነው። ከአራት ዓመት በፊት መንደሩ ተሰብስቦ ከሦስት ድምፆች መካከል በእጅ ብልጫ መረጠው። አንዱ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመስል ነበር፤ አንዱ ደግሞ ቄስ። ይህኛው ሲናገር ከልቡ የሚያዝን ስለሚመስል ወሰድነው። እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ሳይል ጠርቶኝ አያውቅም።

እኔ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበርኩ። እህቴ ቤት መሆን ነበረብኝ። ኤልዳና ከወለደች ሃያ ሦስት ቀኗ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች አራስ ሊጠይቁ ገንፎ ሊበሉ ተጠራርተው ሄደዋል። እኔ የቀረሁት የመንደሩ የምርኩዝ ተጠሪ ስለሆንኩና የሦስት ወሩን የልምምድ ሪፖርት በዚያ ቀን መላክ ስለነበረብኝ ነው። ሪፖርቱ ሳይላክ ቀርቷል።

ስለ ልምምዱ ትንሽ ልናገር፤ ለማያውቅ ሰው ይገርመው ይሆናል። በየወሩ መጨረሻ መንደራችን ሰፌድ ሜዳ ተጎጂ መሆንን ትለማመዳለች። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ብርድ ልብስ ሲሰጥ እንዴት እንደሚሰለፉ፣ ለጋሾች ሲያዩ እንዴት ቀና እንደሚሉ እናጠናለን። መሳቅ አይፈቀድም፤ መሳደብም እንዲሁ። አምና በአካባቢው ካሉት ሃያ ሰባት መንደሮች አንደኛ ወጥተን የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶናል፤ ወረቀቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሏል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደግሞ የቤት አባወራ ሁሉ ደጁ ላይ ወጥቶ «አለን» ይላል። በቃ፣ ያቺኑ ብቻ። «አለን» ያላለ ቤት ይመረመራል።

በአያቶቻችን ዘመን አደጋ ሲደርስ የሚመጣው መንግሥት ነበር ይባላል። ይመጣ የነበረውም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆኖ ነው። ግብረ ሰናይ ድርጅቶቹ ይቀድሙት ስለነበር ቀስ በቀስ ነገሩ ሁሉ ለእነሱ ተተወ። ዛሬ መንግሥት መታወቂያ ይሰጣል፣ ባንዲራ ይሰቅላል። ጎርፉና ናዳው፣ ድርቁና እሳቱ የድርጅቶቹ ነው። አገሩን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መድበው ዕጣ ተጣጣሉበት፤ እኛ ለምርኩዝ ደረስን። ከደረሰን ወዲህ ብርድ ልብስ ጎድሎብን አያውቅም። የእህቴን ቤት የኮንክሪት ጣሪያም የሠራላት ምርኩዝ ነው፣ ናዳ ይችላል ተብሎ።

ጣሪያው እውነትም አልተሰበረም። እንዳለ ወርዶ ሳሎኑ ላይ ተኛ።

ወደ ላይኛው ሰፈር ስደርስ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ቤቱ ከነበረበት ቦታ ቡናማ ጭቃ፣ ድንጋይና የተገነደሰ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከጭቃው መሐል የጣሪያው አንድ ጥግ ወጥቷል። ኪሩቤል፣ የኤልዳና ባል፣ በሁለት እጁ ጭቃ እየዛቀ ነበር። ጠዋት ያዋስኩት አካፋ አጠገቡ ተጋድሟል፤ መኖሩን ያየም አይመስለኝም።

«ወይዘሮ ባምላክ፣ ከሥር ያሉትን በስም ይንገሩኝ» አለ ወዳጅ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ።

የምርኩዝን ደንብ ሰፌድ ሜዳ ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። አሥር ነፍስና ከዚያ በላይ ከተቀበረ ቆፋሪው ማሽን ይመጣል። ከአሥር በታች ከሆነ የማጽናኛ ጥቅል ይላካል፤ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ደረቅ ምግብ፣ ከፈን። ለአራት ዞን ያለው ቆፋሪ አንድ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ተራራው ሁሉ ይወርዳል። ዘጠኝ ሰው ዘንድ ሲሄድ ሌላ ቦታ አሥራ አምስት ይሞታል። ስሌቱን ሲያስረዱን እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሲያስረዱን የሌላ ሰው እህት ነበረች ከሥር ያለችው።

ስም በስም ጠራሁ። ኤልዳና። አማቷ እማማ ሶልያና፣ የኪሩቤል እናት። ከዚያ ሰባት ጎረቤቶች። ዘጠኝ ሆኑ። ሁላችንም አምባር እናጠልቃለን፤ የዘጠኙም አምባር ከስምንት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ ዝም ብሏል።

«ዘጠኝ» አለ ወዳጅ። «አዝናለሁ።»

«ሕፃኗስ!» ብዬ ጮህኩ።

«የሕፃኗን ስም ይንገሩኝ።»

ኪሩቤል ከጭቃው ቀና አለ። እሱ የዋህ ሰው ነው፤ ለተጠየቀው ይመልሳል። «ስም የላትም፤ ገና ሰማንያ ቀኗ አልሞላም። ክርስትና ስትነሳ ነው የሚወጣላት» አለ።

በእኛ መንደር ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ስም የሚወጣውም አምባር የሚጠለቀውም ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት «ሚጢጢ» ትባላለች፣ «እንግዳ» ትባላለች። ይህንን ልማድ ማንም እንደ ጥፋት ቆጥሮት አያውቅም።

«ስም የሌላት ነፍስ መመዝገብ አልችልም» አለ ወዳጅ።

«ማክዳ ትባላለች» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «አባትየው ደንግጦ ነው የረሳው። ማክዳ ኪሩቤል። እኔ ተጠሪዋ በቃሌ አረጋግጣለሁ።»

ወዳጅ መዘገባት። «አሥር። ቆፋሪው ተነሥቷል። ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል።»

አንድ ሰው ልጁ እንዲህ ተሰይማበት ሲያይ መቆጣት ይችላል፤ ኪሩቤል ግን እግሬ ላይ ወድቆ ሳመኝ። ያን ጊዜ ችግሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሦስት ሰዓት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። ጣሪያውን መንደሩ በሙሉ ቢሰለፍም አያነሳውም። በጓሮ በኩል ግን፣ ጓዳው በነበረበት፣ አፈሩ የላላ ነበር። በዶማና በአካፋ ቆፈርን፤ በር አንሥተን ደገፍነው፣ ግንድ አስገባን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሰው በደረቱ ሊሳብበት የሚችል ቀዳዳ ወጣ፤ ከቀዳዳው ደግሞ ድምፅ መጣ።

እማማ ሶልያና ነበሩ። ናዳው ሲወርድ ጓዳ ገብተው ገንፎ እያገነፉ ነበር። ግድግዳው ከሳሎኑ ለይቷቸዋል፤ ከሴቶቹ ጋር ይነጋገራሉ፣ መድረስ ግን አይችሉም።

«አለን!» አሉ ከውስጥ። «ሁሉም አሉ! ኤልዳናን እግሯን ነው የያዛት። ሚጢጢም ታለቅሳለች። ውሃ ግን እየገባ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ጋ ደርሷል ይላሉ፤ ቶሎ በሉ!»

ኤልዳና እግሯ ተይዞ የተኛች ሴት ናት። ለቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ለተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ገባን። 

ኪሩቤል በደረቱ ተስቦ ገባ፤ እናቱን በወገባቸው ገመድ አሰራቸው፤ እኛ ጎተትን። አሮጊቷ ጭቃ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ፊታቸው ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ተወለደ ጥጃ እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸው የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ደንቡን ያጠናሁት እኔ ነኝ፤ አንቀጹን ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ለሌላውም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው ከአፈር ሲወጣ ግን አንቀጽ ትዝ አይልም። የእማማ አምባር ዝናቡ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ በራ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ ወዳጅ። «ወይዘሮ ሶልያና ድነዋል። የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ቆፋሪው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዞር አስተላልፋለሁ፤ ከወንዙ ማዶ አሥራ አራት ነፍስ ይጠብቃል። የማጽናኛ ጥቅላችሁ ነገ ጠዋት ይደርሳል።»

እልልታው እንደተጀመረ ነበር የቆመው።

መለመን ጀመርኩ። ቆፋሪው ግማሽ መንገድ መጥቷል አልኩት። ውሃው እየሞላ ነው አልኩት። ዘጠኝና አሥር ምን ልዩነት አለው አልኩት። ሁሉንም በትሕትና ሰማኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወዳጅ ደግሞ ሁለቱም አልነበረም፤ ግን የያዘውን አልለቀቀም።

«እኔ ልግባ» አለ ኪሩቤል። «እኔን ቁጠረኝ!»

«በኋላ የገባ ሰው አይቆጠርም፣ አቶ ኪሩቤል። ይህ ደንብ የወጣው ለራሳችሁ ደኅንነት ነው።»

አንዱ ጎረቤት የእማማን አምባር አውልቀን ቀዳዳው ውስጥ እንወርውረው አለ። አምባር ከእጅ ሲወልቅ ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ አሁንም ዘጠኝ። ያን ጊዜ ነው እኔ የጠየቅሁት። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።

«ወዳጅ፣ የወጣች ሴት ብትመለስስ?» አልኩት።

ትንሽ ያስባል፣ ወይም ይገረማል ብዬ ነበር። ወዲያው መለሰልኝ።

«ቅጹ ላይ ቦታ አለው» አለ። «ተመላሽ ይባላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት የተመለሰ ተጎጂ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ የቆፋሪው ተራችሁም አይነካም። ይሞሉታል?»

ቦታ አለው! ከእኛ በፊት ስንት መንደር፣ ስንት ሰው ቢጠይቅ ነው ቅጹ ላይ ቦታ የወጣለት? ይህንን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ ያሰብኩት ሃምሳ ደቂቃ እንደቀረን ብቻ ነበር።

እማማ ሶልያና የምርኩዝን ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ትኩስ አጥሚት በሁለት እጃቸው ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሰፌድ ሜዳ ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆነን ሰው ሁሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ኤልዳናን ሲያዋልዱ እኔ መብራት ይዤላቸዋለሁ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩና ነገርኳቸው። ሦስት ክንድ ብቻ አልኳቸው። ጓዳው ድረስ አይደለም፣ አምባሩ እስኪጠፋ ብቻ፣ ከአፉ ትንሽ ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ገመድ በወገብዎ ላይ አለ። ቆፋሪው የመጀመሪያውን ድንጋይ ካነሳ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፣ አይመለስም፤ ያኔ ወዲያው እንጎትትዎታለን።

አጥሚቱን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አልችልም ልጄ» አሉ። «ጭቃው አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር። መተንፈሻ የለውም። እባክሽ፣ ሌላ ነገር እዘዢኝ።»

«እማማ፣ ኤልዳና…»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁም እንዴ የሰማኋት? አርባ ዓመት ሰው ሳዋልድ ኖሬያለሁ፤ አንድም ልጅ ወደመጣበት መልሼ አላውቅም። እኔንም አትመልሱኝ።»

ማልቀስ ጀመሩ። እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥተው።

አባባ ናትናኤል የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ደም ያደርቃሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ሰው በእሳቸው ፊት «እምቢ» ብሎ አያውቅም። ሁሉንም ቆመው ሰሙ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ከናዳው ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም እንዲሁ አደረጉ። ሦስቱም በዝናብ፣ በጭቃው ላይ፣ እማማ ሶልያና እግር ሥር ተንበረከኩ።

ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሽማግሌ መመለስ በእኛ ዘንድ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። ልጁን የገደለበትን ሰው እንኳ ሰው በድንጋዩ ምክንያት ይቅር ብሏል። ድንጋዩ የተፈጠረው ለዚያ ነው፤ ለበደለኛ። እማማን ማን በደላቸው?

«ሶልያና እህቴ» አሉ አባባ ናትናኤል ከድንጋዩ ሥር። «ስለ ዘጠኙ ብለሽ። ስለ ጨቅላዋ ብለሽ። ሦስት ክንድ ናት።»

«አንሡልኝ! ተነሡ! እንዲህ አታድርጉኝ!» ይላሉ እማማ። ፊታቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ። «ኪሩቤል የት አለ? ልጄ ምን አለ?»

ኪሩቤል ከባሕር ዛፉ ኋላ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር።

«ምንም አላለም» አልኳቸው።

«ዝም ካለ ብሏል» አሉ።

ሴት ልጅ ድንጋይ አትሸከምም። እኔ ግን አነሣሁ። ትልቁን መርጬ ማጅራቴ ላይ ጫንኩና ከሽማግሌዎቹ ጎን ተንበረከኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። እህቴ ከዚህ በላይ በሚቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ተኝታለች ብዬ አሰብኩ፤ ለአሮጊቷ ማዘኔን በዚህ አቆምኩት። ሆነ ብዬ ነው ያቆምኩት፤ ይቻላል፣ ቀላል ነው።

ለረጅም ጊዜ አላዩንም። ከዚያ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው «አውርዱት» አሉ። «ድንጋዩን አውርዱት። ገመዱን ግን ኪሩቤል ይያዝልኝ።»

ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ገቡ። እግራቸውን አስቀድመው በደረታቸው እየተሳቡ ነው የገቡት፣ ፊታቸው ወደ እኛ ሆኖ፣ ብርሃኑን እያዩ። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ሦስተኛው ላይም አምባሩ አልጠፋም፤ ትንሽ ገፋ በሉ አልናቸው። ከአራት ክንድ በኋላ አረንጓዴው ጠፋ።

«ቁጥሩ አሥር ነው» አለ ወዳጅ። «አመሰግናለሁ። ቆፋሪው ወደ እናንተ ተመልሷል።»

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ኪሩቤል ቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይዟል። እሱ አንዴ ሳብ ያደርጋል፣ እሳቸው ከውስጥ አንዴ ሳብ ያደርጋሉ፤ «አለሁ» ማለት ነው። አንዳንዴ ድምፃቸውም ይመጣል። «ደረሰ?» ይላሉ። «መጣ እማዬ፣ መንገድ ላይ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ «አጥሚቴን አቆዩልኝ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ሰው ሁሉ ከጎኑ ያለውን እንዳያይ መሬት መሬቱን ያያል። ከጣሪያው ሥር ይመጣ የነበረው የሕፃኗ ለቅሶ አልፎ አልፎ መሆን ጀመረ።

ቆፋሪው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረሰ። በስድስት እግሩ እየረገጠ በአቀበቱ ላይ ሲወጣ መሬቱ ይርገፈገፍ ነበር። ሹፌሩ ከመስታወቱ ኋላ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር፤ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል፤ ክፉ ሰው አይመስልም። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። «ተጠሪዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከዚህ ቀጥዬ አሥራ አራት ሰው ዘንድ ነኝ፤ ቶሎ እንጨርስ። ከፊት በኩል ጭቃው ይሸሻል፣ አይሸከመኝም። የኋላ እግሬን ጓሮው ላይ ተክዬ ነው ጣሪያውን የማነሣው። ጓሮው ባዶ ነው?»

ጓሮው ላይ ያለው ቀዳዳ በበርና በግንድ ተደግፎ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ከእሱ መቀመጫ አይታይም ነበር። ኪሩቤል አጠገቤ ቆሟል። ገመዱ ከእጁ ተነሥቶ በጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል።

«ባዶ ካልሆነ በታችኛው መንገድ ዞሬ ልምጣ» አለ ሹፌሩ። «አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንደውም መጀመሪያ ወደ አሥራ አራቱ መሄድ ይሻላል መሰለኝ።»

እንጎትታቸው ብል አምባሩ ይበራል፤ ከበራ ዘጠኝ ነን፤ ቆፋሪው ገና አንድ ድንጋይ አላነሣም። ሰው አለ ብል በእጅ የሚወጣ ሰው ከቁጥር አይገባም። ዙር ብለው ውሃው አንድ ሰዓት አይጠብቅም። ይህንን ሁሉ ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም፤ ተጠሪ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ። ኪሩቤልን አየሁት። አየኝ። ገመዱን መዳፉ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመው።

«ባዶ ነው» አልኩ።

ሹፌሩ መስታወቱን ዘጋ። የቆፋሪው የኋላ እግር ተነሣ፣ በአየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጓሮው ላይ በዝግታ ተተከለ። ጠንካራ ቦታ እንዲያገኝ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አለ። ገመዱ በኪሩቤል እጅ ውስጥ አንድ ጊዜ ሳብ አለ። ኪሩቤልም ሳብ አደረገ። መልስ አልመጣም።

ጣሪያውን ለማንሣት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዷ ክንዷ ተሰብሯል፣ አንዷ መናገር አቅቷታል፣ ሁሉም ግን አሉ። ኤልዳናን በመጨረሻ አወጧት። ውሃው አገጯ ጋ ደርሶ ነበር፤ ሕፃኗን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አንሥታ ይዛለች። ክንዶቿ ደርቀው ስለነበር ልጅቷን ከእጇ ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ። እልል ያለ ሰው አልነበረም።

ሹፌሩ የቆፋሪውን እግር ከጓሮው ነቅሎ፣ እጁን አውለብልቦልን ወደ አሥራ አራቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጓሮውን ቆፈርን። እማማን ስናወጣቸው አምባራቸው ላይ ቀይ መብራት ነበር። አባባ ናትናኤል በጋቢያቸው ሸፈኗቸው፤ ከቃሬዛዎቹ አርቀን፣ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ኋላ አስተኛናቸው።

«ከአሥር ዘጠኝ» አለ ወዳጅ። «በዚህ ክረምት የታየ ከፍተኛ ውጤት ነው። ሰፌድ ሜዳን እናመሰግናለን።»

ኤልዳና ትምህርት ቤቱ ግቢ በተተከለው የምርኩዝ የልምምድ ድንኳን ውስጥ ቃሬዛ ላይ ተኝታ ነበር። እግሯን በእንጨት አስረውላታል። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ተኝታ ትጠባለች። ኪሩቤል በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ቆመናል። ኤልዳና ከንፈሯ ገና ሰማያዊ ነው፤ ግን ፈገግ ትል ነበር።

«እልልታችሁን ሰማን» አለች። «እማማን እንዳወጣችኋቸው በዚያ ነው ያወቅነው። እሳቸውን ካወጡ እኛንም አይተዉንም፣ በርቱ፣ እያልኩ ሴቶቹን ሳጽናና ዋልኩ። ያ እልልታ ባይኖር እጄን አወርደው ነበር፣ እውነቴን ነው።» ዙሪያዋን አየች። «የት ናቸው? ጥሩልኝ እንጂ። ልጅቷን ይቀበሉኝ፣ ክንዴ አልቻለም።»

ወዳጅ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ወይዘሮ ባምላክ፣ ስለማቋርጥዎ ይቅርታ። ቅጹን ልዘጋ ነው፤ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የወይዘሮ ሶልያና ሞት የደረሰው ፍርስራሹ ውስጥ ሳሉ ነው ወይስ ከወጡ በኋላ?»

ኤልዳና መልሴን እየጠበቀች ታየኛለች። ወዳጅም እየጠበቀ ነው። «ከወጡ በኋላ» ብል ቁጥሩ ዘጠኝ ስለሚሆን ቅጹ አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ድንኳኑ ይነሣል፣ ለእግሯም ሐኪም አይላክም።

«ውስጥ ሳሉ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «አልወጡም።»

ኤልዳና ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ወደ ባሏ ዞረች። ኪሩቤል ገመዱን ገና ከእጁ አልለቀቀውም ነበር።